«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ከየት መጣች? በስሟ ሳይሆን በቁጥሯ ይፈልጓት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ በባሕር ኃይል ሳለ በ‹ኢትዮጵያ› መርከብ ላይ ሠልጥኗል። ከእሱ የቀረን አንድ ፎቶ ነው፤ መርከቧ ላይ ‹ኤ 01› የሚል ጽሑፍ ይታያል። ‹በ54 ከአሜሪካ መጣች› ይል ነበር። ኢንተርኔት ላይ በስሟ ስፈልግ የማይገናኝ ነገር ነው የሚመጣልኝ። አጎቴ ደግሞ በኋላ በግሪኮች የንግድ መርከብ ላይ ሠርቷል። የመርከበኛ ደብተሩ እጃችን ላይ አለ። የሁለቱን መርከቦች ታሪክ ለልጆቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።»

የአባትዎን መርከብ መልስ አስቀድሜ ልንገርዎ። እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ ቀጥሎ አሳይዎታለሁ፤ ለአጎትዎ መርከብ ያስፈልግዎታልና።

«ኢትዮጵያ» ከመባሏ በፊት ስሟ ኦርካ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ናት፤ ቁጥሯ ኤቪፒ-49። የተሠራችው ሲያትል አጠገብ፣ ሃውተን በሚባል ቦታ፣ ሌክ ዋሽንግተን በተባለው የመርከብ መሥሪያ ነው። ግንባታዋ የተጀመረው ጁላይ 13 ቀን 1942 ነው (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ውሃ ላይ ወረደች። ሥራ የጀመረችው ግን ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 ነው። ሥራዋም ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር። ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታሳድራለች። በዚህ ሥራ ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ፊሊፒንስ ድረስ ዘምታለች። በ1946 አሜሪካኖች ቢኪኒ ደሴት ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲሞክሩም በድጋፍ ሰጪነት እዚያው ነበረች። በ1947 ከአገልግሎት ወጣች፣ በ1951 ተመለሰች፣ በ1960 እንደገና ወጣች። በጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች። በ1976 ደግሞ ተሸጠችልን።

ይህች 1976 ሁሌም ትገርመኛለች። ደርግ ሥልጣን ይዟል፤ አሜሪካና ኢትዮጵያ ሊኮራረፉ ቋፍ ላይ ናቸው፤ በዓመቱ አማካሪዎቻቸውን አስወጥተናቸዋል። መርከቧ ግን በመሃል ሕጋዊ ባለቤቷን ቀየረች። የመርከብ መዛግብት እንዲህ ናቸው። ፖለቲካው ይጮሃል፣ ወረቀቱ የራሱን መንገድ ይሄዳል።

አሁን ወደ አፈላለጉ። እርስዎ የጀመሩት በስም ነው። ሁሉም ሰው የሚጀምረው እንደዚያ ነው፤ የሚጠፋውም እዚያው ላይ ነው። ስም ከመርከብ ላይ በአንድ ጠዋት የቀለም ሥራ ይነሳል። ደግሞም አንድ ስም ብዙ መርከቦች ይጋሩታል። «ኢትዮጵያ» የምትባል የእንግሊዞች የመንገደኛ መርከብ በ1873 ተሠርታ ከግላስጎው ኒው ዮርክ ትመላለስ ነበር። በሕንድ ውቅያኖስ የምትሠራ ሌላ «ኢትዮጵያ» ደግሞ በ1922 ተሠርታለች። እርስዎ ያገኙት የማይገናኝ ነገር ከእነዚህ አንዷ ብትሆን አይደንቀኝም።

ስለዚህ ቁጥሩን ይያዙ። ፎቶው ላይ ያለው ኤ 01 የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሰጣት ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥርና በአገሩ ስም «ጄንስ ፋይቲንግ ሺፕስ» የተባለውን ዓመታዊ መጽሐፍ ይክፈቱ። የዓለም ባሕር ኃይሎች መርከቦች በአገር በአገር የሚዘረዘሩበት ነው። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ዕትሞቹን ያስቀምጣሉ። ከ1962 በኋላ እስከ 1980ዎቹ ካለው አንዱን ዕትም ገልጠው «ኢትዮጵያ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ቢደርሱ፣ የቀድሞ ስሟንና ኤቪፒ-49 የሚለውን ቁጥር ያገኛሉ። በቃ፤ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታሪክ መሥሪያ ቤት በነፃ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን የመርከቦች መዝገበ ታሪክ ያያሉ። በፈቃደኞች የሚዘጋጀው ናቭሶርስ ደግሞ ፎቶዎቿን ይሰጥዎታል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ከላይ ሦስት ቀኖች ጻፍኩልዎ፦ ግንባታ የተጀመረበት፣ ውሃ ላይ የወረደችበት፣ ሥራ የጀመረችበት። አንዱ ዳታቤዝ «የተሠራችው 1942» ይላል፣ ሌላው «1944» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የትኛውን ቀን እንደወሰዱ ግን አይነግሩዎትም። ስለዚህ ዓመት ብቻ አይገልብጡ፤ የምን ዓመት እንደሆነም አብረው ይጻፉ። ይህን ባለማድረግ አንዲት መርከብ ሁለት የተለያዩ መርከቦች ተደርጋ የተመዘገበችበት ዝርዝር ብዙ አይቻለሁ።

የኛ አገር ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አባትዎ «በ54 መጣች» ያሉት ትክክል ነው። ጃንዋሪ 1962 ማለት ታኅሣሥና ጥር 1954 ነው። ግን አንድ የባሕር ኃይል ሰው «በ62 ነው» ቢልዎትስ? በኛ 62 ከሆነ በፈረንጅ 1969 ወይም 1970 ይሆናል። በፈረንጅ 62 ከሆነ ደግሞ መርከቧ የመጣችበት ዓመት ነው። ከአሜሪካኖችና ከኖርዌዮች ጋር ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ሁለቱንም አቆጣጠር እያቀላቀሉ ያወራሉ። ሰው ሲጠይቁ «በኛ ነው በፈረንጅ?» የምትለውን ጥያቄ እንዳይረሷት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ (እስከ ዲሴምበር መጨረሻ) ያለው ክስተት ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ዓመት መሆኑንም እንዲሁ። እኔ እዚህ የጻፍኩት ኢትዮጵያዊ ወር ካልጠራሁ በቀር በፈረንጅ ነው።

ሌላው ከባድ ነገር፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ገጾች እርስ በርስ መገለባበጣቸው ነው። አምስት ቦታ አንድ ዓይነት ቀን ቢያገኙ አምስት ምስክር አገኘሁ አይበሉ። አምስቱም ከአንድ መጽሐፍ የወሰዱት ሊሆን ይችላል። አንዱ የተሳሳተ ሆሄ እንኳ ከገጽ ገጽ ተሸጋግሮ ሲሄድ ይታያል። እኔ እንዲያውም የምወደው ስህተቱን ነው፤ ማን ከማን እንደገለበጠ የሚያሳብቀው እሱ ነው።

ዋናውን ሰነድ ማየት ከፈለጉ ግን እርስዎ ዕድለኛ ነዎት። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ትልቁ ማዕከል ያለው ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ሌላው ሰው ከዓለም ዳር አውሮፕላን ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። የተመራማሪ መታወቂያ እዚያው በነፃ ይሰጥዎታል። በስልክዎ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ፍላሽ ብቻ አይብራ። የሚጠይቁት የኦርካን የዕለት መዝገብ ነው። መርከቧ የት እንዳደረች፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳች፣ አየሩ ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደታመመ፣ በየፈረቃው የተጻፈ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የጦር ማስታወሻ የሚባል ለብቻው አለ። ብዙው ስካን ተደርጎ በቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል፤ ከመሄድዎ በፊት እሱን ይፈትሹ።

የዕለት መዝገብ ማንበብ መጀመሪያ ላይ ይሰለቻል። ገጽ ሙሉ የኮምፓስ አቅጣጫና የሞተር ፍጥነት ነው። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ድንገት ሰው ብቅ ይላል። አንዱ መርከበኛ ዘግይቶ በመመለሱ ይቀጣል። አንዱ ጣቱ በር ውስጥ ይገባል። መርከብ የብረት ክምር ብቻ እንዳልሆነች የሚገባዎት ያኔ ነው።

የአሜሪካኑ የዕለት መዝገብ መርከቧ ከእነሱ እጅ ስትወጣ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ ከሌላ ቦታ መልቀም ነው። አንደኛው ጋዜጣ ነው። የጥርና የየካቲት 1954 አዲስ ዘመን ዕትሞችንና የዚያን ጊዜ ኢትዮጵያን ሄራልድን ያስፈልጉ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር ይላኩት። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ምጽዋ ላይ በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ይከበር ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የውጭ አገር የጦር መርከቦች ይመጡ ነበር። እነዚያ እንግዳ መርከቦች የራሳቸው የዕለት መዝገብ አላቸው። የአሜሪካኖቹ እዚያው ኮሌጅ ፓርክ ይገኛል። የአባትዎ መርከብ በሌሎች መርከቦች መዝገብ ውስጥ፣ ከጎን ቆማ ሰላምታ ስትሰጥ ልትገኝ ትችላለች። የራሷ ወረቀት የጠፋባት መርከብ በጎረቤቶቿ ወረቀት ትገኛለች።

ስለ ፎቶ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኦርካ የባርኔጋት ክፍል ከሚባሉት 35 መርከቦች አንዷ ናት። ሁሉም በአንድ ንድፍ የተሠሩ ስለሆኑ እህትማማች ይባላሉ። አንዷ ኖርዌይ ሄዳ «ሆኮን ሰባተኛ» ተብላለች፤ እሷም ማሠልጠኛ ነበረች። አንዷ ጣልያን ሄደች። ለደቡብ ቬትናምም ተሰጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ፊሊፒንስ ደርሰዋል። መልካቸው ስለሚመሳሰል የአንዷ ፎቶ በሌላዋ ስም ሲለጠፍ ይገኛል። «ኢትዮጵያ» የሚል መግለጫ ያለው ፎቶ ሲያገኙ መጀመሪያ መግለጫውን ሳይሆን መርከቧ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና የሰቀለችውን ባንዲራ ይዩ። ቁጥሩ ካልታየ «ሳትሆን አትቀርም» ብለው ይጻፉ እንጂ «ናት» አይበሉ። የእርስዎ የቤተሰብ ፎቶ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ይታያል፤ በዚያ ላይ ማን እንዳነሳውና ማን እንደነበረበት ይታወቃል። በጥሩ ጥራት ስካን አድርጉት። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ ጀርባውንም ጭምር።

መጨረሻዋን ላሳጥረው። ሻዕቢያ ምጽዋን የያዘው በየካቲት 1982 ነው። ግንቦት 1983 ላይ ደርግ ሲወድቅ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወጡ፤ «ኢትዮጵያ»ም የመን ገባች። ከዚያ አልተመለሰችም። በፈረንጅ 1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህኛው ዘመን የሚሻለው ምንጭ ዳታቤዝ ሳይሆን ሰው ነው። በዚያች መርከብ ላይ ሆነው የተሻገሩ መርከበኞች አሉ፤ እርስዎ ባሉበት አካባቢም የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት አይጠፉም። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ቤተ መዛግብቱ ይቆይዎታል፣ እነሱ ግን ላይቆዩ ይችላሉ።

አሁን ወደ አጎትዎ እንምጣ። የንግድ መርከብ ነገር ሌላ ዓለም ነው። የጦር መርከብ የመንግሥት ንብረት ናት፤ ታሪኳ በመንግሥት ሰነድ ይጻፋል። የንግድ መርከብ ግን እንደ ቤት ትሸጣለች፣ ትለወጣለች፣ በዕዳ ትያዛለች። ባለቤቱ ግሪክ፣ ባንዲራው ፓናማ፣ መርከበኛው ሐበሻ፣ ጭነቱ የብራዚል ስኳር ሊሆን ይችላል። «የግሪኮች መርከብ» ስለተባለ የግሪክ መዝገብ ውስጥ ትገኛለች ማለት አይደለም። ፓናማ፣ ላይቤሪያ፣ ቆጵሮስ ወይም ማልታ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። በነገራችን ላይ የላይቤሪያ የመርከብ መዝገብ የሚተዳደረው ሞንሮቪያ ሳይሆን እርስዎ አጠገብ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው።

የመርከበኛ ደብተሩ ወርቅ ነው። ብዙ ሰው ፎቶውንና ማኅተሞቹን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። አጎትዎ ከየመርከቡ ሲወርዱ የተመታውን ገጽ ደህና አድርገው ያንብቡ። የመርከቡ ስም፣ የተመዘገበበት ወደብ፣ ቶኔጁ፣ የተሳፈሩበትና የወረዱበት ቀንና ወደብ ይጻፋል። አንዳንዴም የምዝገባ ቁጥሩ አለ። ስምና የምዝገባ ወደብ አንድ ላይ ካለዎት ግማሹ ሥራ አልቋል።

ቀጥሎ በዚያው ዓመት የወጣውን የሎይድስ ሬጅስተር ቅጽ ይክፈቱ። ይህ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚወጣ የመርከቦች ዝርዝር ነው፤ እጅግ ብዙ ቅጾቹ ስካን ተደርገው በነፃ ይነበባሉ። ከ1930 እስከ 1945 ላለው ደግሞ ፕሊምሶል የሚባለው ስብስብ ለብቻው አለ። ሬጅስተሩ ውስጥ መርከቧ የተሠራችበትን ቦታና ዓመት፣ የቀድሞ ስሞቿን፣ ባለቤቷን ያገኛሉ። አጎትዎ በተሳፈሩበት ዓመት ያለውን ቅጽ ካዩ በኋላ አንድ ዓመት ወደፊት፣ አንድ ዓመት ወደኋላ ይሂዱ። ስሟ ከዝርዝሩ የጠፋበት ዓመት ተሸጣ ስሟ ተቀይሯል ወይ ሰጥማለች ወይ ተሰብራለች (ለብረቷ ተፈታታለች) ማለት ነው። ይህች ትዕግሥት የምትጠይቅ ሥራ ናት፤ ግን ከማንኛውም ዳታቤዝ የበለጠ አስተማማኝ ናት። መርከቧ ብሪታንያ የተሠራች ከሆነ በስኮትላንድና በታይን ወንዝ የተሠሩ መርከቦች ዝርዝሮች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ሚራማር የሚባለው የኒውዚላንድ ማውጫ በጣም ሰፊ ነው፤ ግን በክፍያ ነው። ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ነፃውን ይጨርሱ።

በዚህ መሃል የሚፈልጉት ሰባት አሃዝ ያለውን ቁጥር ነው። አይኤምኦ ቁጥር ይባላል። መነሻው የሎይድስ ሬጅስተር ቁጥር ነው። በ1987 ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ተቀበለው፣ ከ1996 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። መርከቧ ስም፣ ባለቤት፣ ባንዲራ ብትቀይር ቁጥሩ አይቀየርም። እስክትሰበር አብሯት ነው። ትልቁ ምሳሌ ፈንድቶ የቤይሩትን ወደብ ያፈረሰውን አሞኒየም ናይትሬት ያመጣችው ሮሱስ ናት። በ1986 ጃፓን ስትሠራ ዳይፉኩ ማሩ ቁጥር 8 ነበር ስሟ። በመሃል ስሟም ባንዲራዋም ደጋግሞ ተቀያይሮ በ2013 የሞልዶቫን ባንዲራ ሰቅላ ቤይሩት ደረሰች። ቁጥሯ ግን ያው 8630344 ነው።

ቁጥሩ ራሱን የሚያጣራበት ብልሃትም አለው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አሃዞች በተራ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 ያባዙ። በሮሱስ ቁጥር 56፣ 36፣ 15፣ 0፣ 9፣ 8 ይመጣል። ድምሩ 124 ነው። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ 4፣ የቁጥሩም ሰባተኛ አሃዝ 4። ካልገጠመ አንድ ሰው ሲጽፍ አሃዝ አሳስቷል። ከደበዘዘ ፎቶ ላይ ቁጥር ሲያነቡ ይህን ያድርጉ፤ ብዙ ልፋት ያድናል።

ቁጥሩን ካገኙ ኢክዋሲስ የሚባለው ነፃ ዳታቤዝ ላይ ተመዝግበው ማየት ይችላሉ። የተቋቋመው በ2000 ነው፤ የማን መርከብ ምን ሁኔታ ላይ እንዳለች ሁሉም እንዲያይ ተብሎ። ባለቤት፣ ባንዲራ፣ በየወደቡ የተደረገባት ምርመራ ይታያል። የአጎትዎ መርከብ ከዚያ በፊት ተሰብራ ከሆነ ግን እዚያ አይድከሙ፤ ወደ ሬጅስተሩ ይመለሱ።

ቶኔጅ ላይ አይደናገሩ። የንግድ መርከብ ግሮስ ቶኔጅ ክብደት አይደለም፤ የውስጥ ስፋት ልኬት ነው። አለካኩ ደግሞ በ1969 በወጣ ስምምነት ተቀይሮ ከ1982 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የቆዩ መርከቦች እስከ 1994 ድረስ በአሮጌው ልኬት እንዲቀጥሉ ተፈቅዶ ነበር። ስለዚህ በአጎትዎ ደብተር ላይ ያለው ቶኔጅ ከኋላ ካለ ዳታቤዝ ጋር ባይገጥም «ሌላ መርከብ ናት» ብለው አይጣሉት። ርዝመቷን ያነጻጽሩ። ርዝመት ብዙ አይዋሽም፤ መሃሏ ተቆርጦ ካልተረዘመች በቀር። እሱም ይደረጋል።

እኔ ብሆን በዚህ ሳምንት የደብተሩን ገጾች በሙሉ፣ ባዶዎቹንም ሳይቀር፣ ፎቶ አነሳለሁ። የመርከቧን ስም በላቲን ፊደል ደብተሩ ላይ እንዳለው፣ ሳላስተካክል እጽፋለሁ። አንድ ሆሄ «ሳስተካክል» ፍለጋው ሊበላሽ ይችላል። ስሙን፣ የምዝገባ ወደቡንና የተሳፈሩበትን ዓመት ይላኩልኝና የትኛውን የሬጅስተር ቅጽ እንደሚከፍቱ አብረን እናያለን።